በዳጉሳ ጎታ ያደረ ሳክስፎን

ፍኖተ ሰላም ላይ ባንቺአየሁን የማያውቅ ሰው ቢገኝ፣ ወይ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ነው፣ ወይ ጆሮው የታመመ ነው። ማንኩሳ አጠገብ ካለች የገጠር ጎጥ፣ አይታው የማታውቀውን ባል ሽሽት፣ በለበሰችው ቀሚስ ብቻ ወጥታ ነው ከተማ የገባችው። ያኔ ሽማግሎቹ ከተማዋን ገና በድሮ ስሟ ወጀት ይሏት ነበር። እትዬ እህተ ማርያም በሆቴላቸው አሳላፊ አድርገው ቀጠሯት። ቁመቷ አጭር፣ እግሯ ፈጣን፣ ምላሷ ከእግሯም የባሰ ነበር። በአንድ እጇ ሙሉ ብርሌ ደርድራ በጠጪው መሃል ስትሽሎከሎክ ጠብታ አታፈስም። እጁን የሚሰድ ባለጌ ካጋጠማት ግን ጠብታው ቀርቶ ብርሌው በሙሉ ይፈስሳል፤ ያውም በሰውየው አናት ላይ። እትዬ እህተ ማርያም በሰው ፊት ይቆጧታል፤ ጓዳ ገብተው ደግሞ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

ያ ሆቴል ከደምበጫ እስከ ቡሬ ስሙ የተጠራው በጠጁ ብቻ አይደለም። ባንድ ነበረው። ዘሩ አኮርዲዮን ይጫወታል፣ ክንፈሚካኤል ከበሮ ይመታል፣ የባንዱ አውራ ተስፋው ደግሞ ሳክስፎን ይነፋል። ተስፋው በጦር ሠራዊት ሙዚቀኛነት ኖሮ የተሰናበተ፣ ሱሪው ሳይተኮስ ከቤት የማይወጣ፣ ፍንጭቱን ለማሳየት ሲል በማያስቅ ነገር የሚስቅ ሰው ነበር። እውነትም ፍንጭቱ ያምርበታል። የከተማው ኮረዳ ሁሉ ያንን ፍንጭት ያውቀዋል።

"ሳክስፎን በሳንባ የሚነፋ ይመስላችኋል፤ በጥርስ ነው" ይላል ለጠየቀው ሁሉ፣ የመሣሪያውን ጥቁር አፍ በላይኛው ጥርሱ ነክሶ እያሳየ።

ከምሳ በኋላ ሆቴሉ ጭር ሲል ተስፋው ከጓሮው ዋንዛ ሥር ተቀምጦ ይለማመዳል። ባንቺአየሁም እዚያው አጠገቡ ብርሌ ታጥባለች። ትዝታውንም፣ ባቲውንም፣ አምባሰሉንም ይነፋል። ከሁሉም በላይ ግን የምትወዳት ስም የሌላት አንዲት የውጭ ዜማ ነበረች። እሷ ስትጀመር እጇ ውኃው ውስጥ ይቀራል፣ ጣቶቿ የብርሌ መጥረጊያውን እጀታ እንደ ሳክስፎን ቁልፍ ይጫናሉ።

"ይቺ ደግሞ ምን ትባላለች?" አለችው አንድ ቀን።

"ጃዝ ነው።"

"ጃዝ ምንድን ነው?"

ተስፋው ሳክስፎኑን ጭኑ ላይ አጋደመ። "መንገዱን ታውቂዋለሽ። ግን ዛሬ በዚያ በኩል ልዙር ብለሽ ትወጫለሽ። ሲመሽ ተመልሰሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ።"

"እኔም እንዲያው ብዬ ነው ከማንኩሳ የወጣሁት" አለች ባንቺአየሁ፤ "ቤቴ አልገባሁም እንጂ።"

ተስፋው ሳቀ፤ ይህን ጊዜስ የሚያስቅ ነገር ነበረው። የሚገርመው፣ ያቺ ዜማ አንድም ቀን አልቃ አታውቅም። ከአንድ ቦታ ስትደርስ ተስፋው ሳክስፎኑን ከአፉ ያወጣና "ለዛሬ ይበቃል" ይላል። ባንቺአየሁም ቀሪውን በሆድዋ እየቋጨች ወደ ብርሌዋ ትመለሳለች።

ሥልሳ ዓመተ ምሕረት ገባ። አዲስ የእርሻ ግብር መጣ ተብሎ ገማቾች ገጠር ሲወጡ፣ ገበሬው "ርስቴን ለክተው ሊነጥቁኝ ነው" ብሎ እምቢ አለ። እምቢታው ወደ ጥይት ዞረ። ወታደር በካሚዮን እየተጫነ መጣ፤ አንዳንድ ቀን አውሮፕላን በደጋው ላይ ሲያንዣብብ ይሰማል። የባንዱም ነገር እዚያው ላይ አበቃ። ክንፈሚካኤልን የድሮ ጦሩ መልሶ ጠራው። ዘሩ እንደሆነ አፉ አያርፍም፤ አንዱ ወገን የአንዱ ሰላይ ነህ እንዳይለው ፈርቶ፣ አኮርዲዮኑን እንኳን ሳይዝ በአዲስ አበባ አውቶቡስ ተሳፈረ። ተስፋው ደግሞ ዓመፁ በበረታበት በደጋ ዳሞት ብቻውን የቀረ ሽማግሌ አባት ነበረውና ወደዚያ ሊሄድ ተነሣ።

ከመሄዱ በፊት ሳክስፎኑን በነጠላ ጠቅልሎ ወደ ባንቺአየሁ መጣ። ከዚያ ሁሉ ወዳጅ ለምን እሷን እንደመረጠ አልተናገረም። እሷም አልጠየቀችም፤ ደስታዋ ግን እስከ ጆሮዋ ደርሶ ነበር።

"አደራ። ማንም እንዳይነካው።"

"በሚካኤል ተቀብያለሁ" አለች፣ እትዬ እህተ ማርያም ቆመው እየሰሙ።

በዚያ አገር አደራ ቀልድ አይደለም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ዕቃውን የተቀበለ ሰው ነፍስ ከዕቃው ጋር ታስሮ ይቆያል፤ የሚፈታው ባለቤቱ ተመልሶ በምስክር ፊት "ተቀብያለሁ" ያለ ዕለት ብቻ ነው። አደራ በላ የተባለ ሰው ደግሞ ልጁን የሚድርለት አያገኝም። ስለዚህ ባንቺአየሁ ሌባም ወታደርም እንዳያገኘው ብላ፣ ሳክስፎኑን ጓዳ ባለው ትልቅ ጎታ ውስጥ ከዳጉሳው ሥር ቀበረችው።

ስትቀብረው ግን አንዲት ጎረቤት በበሩ ስንጥቅ አይታለች። ያየችው በነጠላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ነው። ዘመኑ ደግሞ ረጅም ነገር ሁሉ ጠመንጃ የሚመስልበት ዘመን ነበር። ወሬው ከገበያ እስከ ፖሊስ ጣቢያ ለመድረስ ምሳ እስኪቀርብ እንኳን አልፈጀበትም። ፈጥኖ ደራሾች ከመቶ አለቃቸው ጋር መጥተው ጓዳ ገቡ። አንዱ እጁን እስከ ብብቱ ጎታው ውስጥ ሰደደና ሳክስፎኑን በአንገቱ ይዞ ሲያወጣው፣ ከሰፊው አፉ ዳጉሳው እንደ ውኃ ፈሰሰ።

"ይህ ምንድን ነው?" አለ መቶ አለቃው።

"ሳክስፎን ነው፣ ጌታዬ።"

"የማን?"

የተስፋው ነው ብትል "ተስፋውሳ የት ሄደ?" መባሉ አይቀርም፤ ደጋ ዳሞት ሄደ ማለት ደግሞ ሸፈተ ማለት ነው።

"የኔ" አለች።

እትዬ እህተ ማርያም አማተቡ። የሰውን አደራ በአፍ "የኔ ነው" ማለት በዚያ አገር ከመስረቅ አይሻልም።

"ያንቺ ከሆነ ንፊያ!"

ተስፋው ሲይዘው እንዳየችው ያዘችው፣ ጥቁሩን አፍ በጥርሷ ነከሰች፣ ባላት ኃይል ነፋች። መጀመሪያ የወጣው ዳጉሳ ነበር፤ ሄዶም መቶ አለቃው ደረት ላይ አረፈ። ቀጥሎ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ውርንጭላዋን ያጣች አህያ እንዲያ ትጮሃለች። ፈጥኖ ደራሾቹ ግድግዳ ይዘው ሳቁ። መቶ አለቃው ዳጉሳውን ከደረቱ አራገፈ፤ እሱም መሳቅ ከጅሎት ነበር።

"እንግዲህ ዛሬ ጉሮሮሽን ዳጉሳ ይዞታል እንበል" አላት። "ከቡሬ ዘመቻ ስመለስ እዚሁ መጥቼ እሰማሻለሁ። ያን ዕለትም ዳጉሳ ከሆነ ግን፣ የማን እንደሆነ በደንብ አድርገሽ ትነግሪኛለሽ።"

እሱ እንደወጣ ባንቺአየሁ ሳታረፍድ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ ቄስ ወልደ ዮሐንስ ሮጠች። ቄሱን አጥር ሲያጥሩ አገኘቻቸው።

"አባቴ፣ የሰው አደራ የኔ ነው አልሁ። አሁን ደግሞ ልነፋው ነው። ይፍቱኝ።"

ታሪኩን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ቄሱ የያዙትን ልጥ ሳይለቁ ሰሟት።

"የዋሸሽው ሰው ለማትረፍ ነው፤ እሱን እግዜር ያውቃል" አሏት። "መንፋቱን በተመለከተ ግን፣ በቅሎ አደራ ብትቀበዪ ምን ታደርጊያለሽ? አስረሽ ብታስቀምጫት እግሯ ይያዛል። አውጥተሽ ታንሸራሽሪያታለሽ። ጭነሽ ገበያ ከሄድሽ ግን በሰው ከብት ነገድሽ ማለት ነው። ለጤናዋ ይሁን፣ ለገበያ አትጫኛት።"

ባንቺአየሁ መስቀል ተሳልማ ቀልሏት ወጣች። ግማሽ መንገድ ላይ ስትደርስ ነው መቶ አለቃው እሰማሻለሁ ያለው የት እንደሆነ ትዝ ያላት። ሆቴል ውስጥ፣ በጠጪ ፊት! ከዚያ የባሰ ምን ገበያ አለ?

የሆነው ሆኖ መማር ነበረባት። ልብስ አጥባለሁ እያለች ላህ ወንዝ ወርዳ ለድንጋዩ ትነፋለት ጀመር። ከንፈሯ ደማ፣ ጉንጯ አበጠ። የሳክስፎኑ አፍ ላይ የምትታሰረው ስስ ሸምበቆ ስትሰነጠቅባት ከወንዙ ዳር ሸምበቆ ቆርጣ፣ በምላጭ ፍቃ ፍቃ ሌላ ሠራች። ብዙዎቹ እንደ ዝንብ ይጮሁ ነበር፤ አንዷ ግን ከፈረንጅ አገሩ ሸምበቆ የበለጠ ወፍራምና የሞቀ ድምፅ ሰጠቻት። ጣቶቿ እንደሆኑ መጥረጊያው ላይ ስንት ዘመን ሠልጥነዋል። ዜማው ከጆሮዋ ወደ እጇ ሲወርድ ራሷም ተገረመች።

ብቻዋን ባንድ አይሆንም። አብራት የምታሳልፈው አልጣሽ የዘሩን አኮርዲዮን ካልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። አልጣሽ ዘሩን ትወደው፣ ሲጫወትም ጣቶቹን እያየች ትማር ነበርና አኮርዲዮኑን ስታቅፈው ግማሽ ናፍቆቷ ይወጣላታል። ከበሮው ግን መቺ አጣ። ያኔ ነው ባንቺአየሁ ወደ ኡምሀኒ የሄደችው። ኡምሀኒ ባሏ የሞተባት ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ በሠርግም በመውሊድም ከበሮ ስትመታ ግመል ታስጨፍራለች ይባልላት ነበር።

"እኔ ጠጅ ቤት?" አለች ኡምሀኒ። "እታለም፣ ወንድሞቼ ይገድሉኛል።"

"ለተስፋው ነፍስ ነው፣ ኡምሀኒ።"

ኡምሀኒ ጨርቋን ለክታ፣ ቀዳ፣ አጣጥፋ እስክትጨርስ አሰበች። "በረንዳው የመንገድ ነው ወይስ የሆቴል?"

"የመንገድ ነው።"

"እንግዲያው እኔ መንገድ ላይ ተቀምጬ ነው የምመታው። ፊቴም ወደ መንገድ፣ ጀርባዬም ለጠጁ። እናንተ ውስጥ ሆናችሁ ብትሰሙት የናንተ ጉዳይ ነው።"

እንዲህ ሆኖ ባንዱ ተቋቋመ፦ ሁለቱ ውስጥ፣ አንዷ በረንዳ ላይ፣ መሃላቸው የተከፈተ በር።

መቶ አለቃው የተመለሰው ሳምንታት ካለፉ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ገበያው ሞቅ ሲል ነው። የአውቶቡስ ሹፌሩም፣ ወታደሩም፣ ነጋዴውም ሆቴሉን ሞልቶታል። ባንቺአየሁ ሳክስፎኑን አንገቷ ላይ ስታጠልቅ ከጥግ አንዱ "ሴት ደግሞ ነሐስ ልትነፋ? ዘንድሮ ዝናብ አናይም!" አለ። እሷ ፊቷን አዙራ በቀስታ አማተበች። "ሚካኤል ሆይ፣ ለጤናዋ ነው" አለችና ነፋች።

ትዝታ ነበር የጀመረችው። ከበረንዳው የኡምሀኒ ከበሮ ገባ፣ የአልጣሽ አኮርዲዮን ተከተለ። ልጁ የዘመተበት አንድ ሽማግሌ ብርሌውን አስቀምጦ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ቀጥላም ያቺን ስም የለሽ ዜማ አነሳች። ተስፋው ሁልጊዜ የሚያቋርጥባት ቦታ ደረሰች፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱን የሚያውቅላት የለም። አላቆመችም። በልጅነቷ ማንኩሳ ስትሰማው ባደገችው የአጨዳ ዘፈን በኩል ዞራ፣ ዞራ፣ ቤቷ ገባች። ኡምሀኒም ገብቷት ከበሮውን በአጨዳው ምት ለወጠችላት።

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። መቶ አለቃው ተነሥቶ ኮፍያውን አስተካከለ። "ዳጉሳው ለቆሻል" አላት፤ ሌላ ነገርም አልጠየቃት። ያን ዕለት ማታ የጣለው ዝናብ ደግሞ የሁለት ሰው ጣሪያ ወሰደ፤ አንደኛው የዚያ የጥጉ ተናጋሪ ነበር። ባንቺአየሁ አላዘነችለትም።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቆማታል? ቅዳሜ ቅዳሜ ሆቴሉ አፍ እስከ ገደፉ ይሞላል። ቡሬም፣ ደምበጫም፣ ሽንዲም ሠርግ ያለው "እነዚያን ሴቶች አምጡልን" ይላል። መንገድ ላይ ወታደርም ያስቆማቸዋል፣ ሸፈተ የተባለውም ገበሬ ያስቆማቸዋል፤ ሁለቱም ወገን አንድ ዘፈን ሰምቶ፣ እንጀራ አብልቶ ያሳልፋቸዋል። ባንቺአየሁ በሕይወቷ እንደዚያ ዓመት ተደስታ አታውቅም። በነፋች ቁጥር ግን "ለጤናዋ ነው" ትላለች፤ በልቧ ደግሞ ውሸቷን ታውቀዋለች። በቅሎዋን ጭናለች፣ ገበያም ሄዳለች፣ ደግሞም ወዳታለች። ተስፋው ቢመለስ ነፍሷ ትፈታለች፤ ሳክስፎኑም ይሄዳል። ባይመለስ ሳክስፎኑ ይቀራል፤ እሷ ግን እንደታሰረች ትሞታለች። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ያንን ፍንጭት ማየት ናፍቋታል። የትኛውን ልለምን ብላ ሚካኤል ፊት ቆማ፣ ምንም ሳትለምን ሰግዳ የተመለሰችበት ቀን ብዙ ነው።

ምሕረት ወጣ ተብሎ አገሩ በረድ ሲል፣ በሥልሳ አንድ ጥር ላይ፣ ቅዳሜ ቀን ተስፋው መጣ። ያቺን ዜማ እየጨረሰች ሳለ ነው ከበረንዳው ኡምሀኒ "ወላሂ እሱ ነው!" ብላ የጮኸችው። ከስቷል። ጥርሱን እንዳመመው ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ቆሟል።

ባንቺአየሁ ሳክስፎኑን ከአንገቷ አወለቀች። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል አልፋ ሄዳ በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

"አደራህን ተቀበለኝ። ማንም አይንካው ብለኸኝ እኔው ነካሁት። የኔ ነው ብዬ ዋሸሁበት። አባ ወልደ ዮሐንስ እንደ አደራ በቅሎ ለጤናዋ ብቻ አንሸራሽሪያት ቢሉኝ፣ እኔ ገበያ ጫንኋት። የፈለግኸውን በለኝ፤ ብቻ ተቀበለኝ።"

ተስፋው ከእጇ ወስዶ እንደ ድሮው አንገቱ ላይ አጠለቀው። ጋቢውን ዝቅ አድርጎ አፉን ሲከፍት፣ የላይኛው የፊት ጥርሱ የለም። ያ ፍንጭት የለም። የጠመንጃ ሰደፍ ያወለቀው ይሁን ገደል፣ ኋላም ለአንዱ አንድ፣ ለሌላው ሌላ ነበር የሚናገረው። ድዱን ጥቁሩ አፍ ላይ አሳርፎ ነፋ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ደግሞ ነፋ። አልጣሽ አኮርዲዮኑ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ተስፋው ሳክስፎኑን ከአፉ አወጣው። "ያቺን ዜማ ከመንገድ ጀምሬ ሰማኋት" አለ። "እንዲያ ነው የምታልቀው ማን አለሽ?"

"ማንም። አንተ መች ጨርሰህልኝ ታውቃለህ!"

"እኔስ የት አውቄው? የሰማሁበት ሸክላ እዚያች ቦታ ላይ ተሰብሮ ነበር።"

ባንቺአየሁ ሳቋም ልቅሶዋም በአንድ ላይ መጣባት። እትዬ እህተ ማርያም በሰው መሃል ሰንጥቀው ገቡ። አደራው ሲሰጥ ምስክር የነበሩ ናቸውና ይገባቸዋል።

"በል ተስፋው፣ ይኸው ምስክር ፊት ነህ። ተቀብያለሁ በልና ልጂቱን ገላግላት።"

ተስፋው ሳክስፎኑን አየው፣ ባንቺአየሁን አየ። ያበጠውን ከንፈሯን፣ የሻከረውን አውራ ጣቷን ሁሉ አየ። ከዚያ ከአንገቱ አውልቆ በእሷ አንገት ላይ መልሶ አጠለቀው።

"አልተቀበልሁም" አለ።

ቤቱ ተንጫጫ። "ምነው ተስፋው!" አሉ እትዬ እህተ ማርያም። "ነፍሷን አስረህ ልታስቀር ነው?"

"አዎ፣ እትዬ። እኔ እስክቀበል እሷው ዘንድ ይደር። ቄሱንም ንገሪያቸው፣ ባንቺ፤ የበቅሎዋ ባለቤት ገበያ ጫኛት ብሎኛል በያቸው።"

ይህን ብሎ ወደ ባንኮኒው ሄደና ብርሌ የተደረደረበትን ትሪ አነሣ። የአሳላፊነቱን ሥራ ዛሬ ማን ይሥራው? ሁለቱም አሳላፊዎች ባንዱ ውስጥ ናቸው። በጠጪው መሃል ሲሄድ ግማሹን አፈሰሰው፤ እጁ አልለመደም። ሳይታወቀው ሳቀ፣ ባዶውን ድዱን ለከተማው ሁሉ አሳየ። በባንቺአየሁ ዓይን ከፍንጭቱም ጊዜ የበለጠ አማረ።

የሳክስፎኑን አፍ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። አማተበች፤ "ለጤናዋ ነው" ማለቱን ግን ተወችው። ከዚያም ያቺን ዜማ ከመጀመሪያው አነሣቻት።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሳክስፎኑን ወልውላ ይዛለት ትመጣና "አደራህን ተቀበለኝ" ትለዋለች። እሱም "አልተቀበልሁም" ይላታል። አብረው አንድ ቤት ከገቡም በኋላ ይህን አልተዉም።